የትንሿ ወንበር ሕግ

ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ አንድ ሴሚስተር ሲቀረኝ አባቴ በየማታው እየመጣ ከሕፃናት ማቆያ ይወስደኝ ጀመር። ሞግዚት ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሕፃን ሆኜ ነው። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም የሳቅሁበት ቀን አለ። በመጀመሪያው ቀን ግን አልቅሼበታለሁ፣ ያውም ከሌሎቹ ሕፃናት ጋር እየተቀባበልኩ።

መዘዙን ያመጣችው መምህራችን ናት። የሕፃናት እድገት የምታስተምረን ዶክተር ስትሆን፣ እኛ ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ደረጃ» እንላታለን። በእሷ ዓይን ሰው የሚባል ፍጡር የለም፤ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ልጅ ካለቀሰ ደረጃው ነው፤ ዝም ካለም ወይ ደረጃውን አልፎታል ወይ ገና አልደረሰበትም። በዚያ ሴሚስተር «በአገልግሎት መማር» የሚባል ኮርስ ይዛብን መጣች። እያንዳንዳችን አንድ ማቆያ ገብተን ሕፃናቱን እናገለግላለን፣ እያገለገልንም እንማራለን፤ በመጨረሻ እሷ ራሷ መጥታ ታየንና ወይ ታሳልፈናለች ወይ ትጥለናለች። ይህን ኮርስ የወደቀ ምርቃትን በሕልሙ ካልሆነ አያያትም።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገር አዘዘችን።

«አንደኛ፣ ልጅን ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል አትዩት። ዝቅ በሉ፣ በቁመቱ ልክ ሁኑ። ሁለተኛ፣ ከተቀበላችሁ ድርጅት ጋር ክርክር የገጠመ ተማሪ እኔ ፊት እንዳይመጣ።»

እኔ ደግሞ አንዴ እልህ ከያዘኝ ትእዛዝን ከነአጥንቱ የምውጥ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን በጠዋት ማቆያው ደረስኩ። ግድግዳው እስከ ሕፃን ትከሻ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ሰፊ ክፍል ነው፤ እርጥብ ካልሲና የተቀቀለ ሩዝ ይሸታል። በመስኮቱ በኩል አንድ ትልቅ ወንበር አለ፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ትንንሾቹ ተደርድረዋል። ዝቅ በሉ ተብሏል፣ ዝቅ አልኩ። ትንሿ ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከጆሮዬ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። አጠገቤ የነበረች አንዲት ደቃቃ ልጅ አየት አደረገችኝና ቦታ እንዲበቃኝ ወንበሯን ጎተት አደረገችልኝ። እሷን «ሚጢጢ» ነው የሚሏት።

ያን ጊዜ ዳይሬክተሯ ገቡ። እኚህ ሴትዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ ማቆያውን የከፈቱ ናቸው። ከመጋዘን ወጡ እንጂ መጋዘን ከእሳቸው አልወጣም። አንድ ጊዜ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ አንድ ሕፃን የካፖርቱን ጫፍ ይዞ አብሮት ወጥቶ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሄዷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕግ ወጣ። ትንሿ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ክንዱ ላይ ቢጫ ሪባን ይታሰርለታል። ቢጫ ሪባን የታሰረለት ሁሉ ሕፃን ነው። ሪባኑን የሚፈታው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም በር ላይ፣ የሚወስደው ሰው ሲመጣ።

ዳይሬክተሯ ስልካቸውን በትከሻና በጆሯቸው መሃል ሸጉጠው ስለ ሳሙና እየተቆጡ፣ ቀና ብለው ሳያዩ፣ በተርታ እያሰሩ መጡ። የእኔንም ክንድ ይዘው ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ» አልኩ።

«ሁላችሁም ተማሪዎች ናችሁ፣ የኔ ልጅ።»

«አይ፣ የዩኒቨርሲቲ።»

«ትደርሻለሽ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

ስልኩን እስኪዘጉ ጠብቄ ቢሯቸው ድረስ ተከተልኳቸው። ቆሜ ሲያዩኝ ልዩነቱ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸው ሪባኑ ላይ አረፈ።

«ተሳስተው ነው» አልኩ በለሆሳስ።

«እኔ መጋዘን ስህተት ኖሮ አያውቅም» አሉ። «ታስሯል። የታሰረ በር ላይ ይፈታል።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ደግሞም ሁለተኛው ትእዛዝ ትዝ አለኝ፤ አፌን ዘግቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ውዬም ሾርባ በትንሽ ማንኪያ በላሁ፣ በሰልፍ ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ከሰዓት በኋላ እግሬ ከአልጋው ጫፍ ተርፎ ተንጠልጥሎ ተኛሁ። ሞግዚቷ ጀርባዬን መታ መታ ስታደርገኝ «እኔን እንኳ ተይኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን የተኛሁት እንቅልፍ የለም።

ልቅሶው የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ሕፃናቱ ቦርሳቸውን ይዘው እዚያ ተደርድረው ወላጅ ይጠብቃሉ። ፊት ለፊታቸው ዘበኛው ይቀመጣል። መቀመጫው አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረች፣ ከክፍል ተሰብራ የወጣች ትንሽ ወንበር ናት። እጄን ዘረጋሁለት።

«ማን መጣልሽ?»

«ማንም። እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

«ራስን መውሰድ አይቻልም» አለ፣ ያውም በሐዘኔታ።

ያኔ ነው እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው። ጎኔ የነበረው ወንድ ልጅ አየኝና እሱም ተከተለ፣ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ና ውሰደኝ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። ሕፃናት ማቆያ ነኝ።»

«መጣሁ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነበር። ሠፈሩ ሰዓቱን የሚሞላው በእሱ አውቶቡስ ጥሩንባ ነበር። ዘግይቶ አያውቅም፤ ጎማ ፈንድቶበት እንኳ ልጆቹን በሰዓታቸው አድርሷል። በዚህ ዓለም ላይ አባቴን የጠበቀ ልጅ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቴ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ስለነበር የሰውን ልጅ ሁሉ በየደጁ አውርዶ ሲያበቃ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። እስከዚያ ደረጃው ላይ ከጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ አጠገብ እቀመጣለሁ። ቂም አልያዝኩበትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ይዤበታለሁ።

ያን ቀን ግን ከወላጆች ሁሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ኮቱን ተኩሶ።

«ምኗ ነዎት?» አለው ዘበኛው።

«አባቷ።»

ዘበኛው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። «አፍንጫዋ የእርስዎ ነው» አለና ሪባኑን ፈታልኝ። አባቴ መንገዱን እጄን ይዞ አሻገረኝ። አልከለከልኩትም።

በማግስቱ ይታረማል ብዬ ነበር፣ አልታረመም። በሦስተኛው ቀን ትልቁ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሞከርኩ፤ ዳይሬክተሯ «ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ» ብለው አወረዱኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ሕፃናቱ «ረጅሟ» ብለው ስም አወጡልኝ። በየማታው አባቴ አንደኛ ሆኖ ይመጣል፣ አግዳሚው ሁሉ «የረጅሟ አባት መጣ!» ብሎ ይጮኻል፣ እኔም በቅናት ዓይን እየታየሁ እወጣለሁ። ዕድሜ ልኬን ያላየሁትን አንደኝነት በዚያ ዕድሜዬ አየሁት። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

አንድ ቀን አባቴ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ቆየ። ያን ቀን የአግዳሚውን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተወሰዱ አግዳሚው ሲራቆት፣ ሚጢጢ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሁለት እጇ አቀፈችው። እናቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ቀጣሪው «በቃ» ካላላት መነሳት አትችልም። አባቴ ጉንጩን ይዞ ሲመጣ እሷና እኔ ብቻ ቀርተን ነበር። ወጥቼ መንገዱን ስሻገር የሚጢጢ እናት እየሮጠች በአጠገቤ አለፈች። ወዲያው ከኋላዬ የዘበኛው ድምፅ ተሰማኝ።

«አለቀ!»

ክፋት የለበትም። የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ዘበኛው ወደ ወጥ ቤቱ «አለቀ!» ብሎ ይጮኻል፤ ወጥ ሠሪዋ ምድጃውን ታጠፋለች፣ መብራት ታጠፋለች፣ እሷም በጓሮ በር ትወጣለች። ማቆያው ከተከፈተ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚዘጋው። ዞሬ ሳይ ግን ሚጢጢ ቃሉ ጀርባዋን ገፍቶ እንዳስወጣት ሁሉ አንገቷን ቀብራ ደፉን ስትሻገር አየሁ።

በማግስቱ ምሳ ላይ የሾርባው ድስት ተራቆተና ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን አንኳኩታ «አለቀ!» አለች። ሚጢጢ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ተነሳች፣ ሄዳ ቦርሳዋን ከማንጠልጠያው አወረደች።

«የት ነው?» አልኳት።

«አለቀ ተባለ» አለችኝ። «አለቀ እኮ እኔ ነኝ።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ይህ ብስሉ ነበር። ይህች ልጅ በአራት ዓመቷ እኔ ደረጃው ላይ ከባልዲ ጋር ተቀምጬ የማውቀውን ነገር ታውቃለች። እኔ እንኳ ያኔ ስም አላወጣሁለትም ነበር።

ያን ማታ ቤት ገብተን እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት።

«ከነገ ጀምሮ ዘግይተህ ና።»

ስረቅ ያልኩት ያህል ደነገጠ። «ስንት ሰዓት ዘግይቼ?»

«አንዲት ልጅ እስክትወሰድ። ከእሷ በኋላ ነው መምጣት ያለብህ።»

«እሷስ በስንት ሰዓት ነው የምትወሰደው?»

«አይታወቅም።»

«የማይታወቅ ሰዓት የሚባል ነገር የለም» አለ። ቢሆንም እሺ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ጉርሻው እጁ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰው በስተርጅና መዘግየት መማር እንዴት እንደሚከብደው ያየሁት ያኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን እግሩ አልታዘዝ ብሎት እንደ ልማዱ ቀድሞ መጣ፤ በሩ ላይ ደርሶ ሚጢጢን ከእኔ ጋር ሲያያት በርግጎ ዞረና መንገዱ ማዶ ካለው ጎሚስታ ጀርባ ገባ። የጎማው ክምር ትከሻውን እንጂ ባርኔጣውን አልሸፈነለትም። ባርኔጣው ከጎማዎቹ በላይ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ሲል ሕፃናቱ ሁሉ «የረጅሟ አባት እየተደበቀ ነው!» ብለው አጨበጨቡለት። በሁለተኛው ቀን ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። እየዋለ እያደር ለመደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ አባቴም ቀስ በቀስ ዘገየ። ጎሚስታው በርጩማ ያወጣለት ጀመር፤ ሚጢጢ በእናቷ እጅ ወጥታ ስትሄድ ካየ በኋላ ብቻ ኮቱን አራግፎ ይመጣል።

አባቴ በተደበቀበት በመጀመሪያው ማታ እናቷ መጥታ ሪባኗ ሲፈታላት ሚጢጢ አግዳሚው ላይ ብቻዬን የቀረሁትን እኔን ቆማ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ።

«ዛሬ አንቺ ነሽ አለቀ?»

«እኔ ነኝ።»

«አይዞሽ» አለችኝና የተረፋትን ብስኩት ሰጠችኝ። ስትወጣ ማንም አልጮኸባትም።

«አለቀ!» የተባለው እኔ ስወጣ ነው። የማውቀው ቃል ነው፣ ለማን እንደሚባልም ለምን እንደሚባልም አውቃለሁ፣ ጎረምሳ የሚያህል ቁመት አለኝ፤ ያም ሆኖ ከኋላዬ ሲመጣ ቀዘቀዘኝ። አባቴም ሰማው። መንገዱን ተሻግረን ብዙ ከሄድን በኋላ ጠየቀኝ።

«ያኔ አንቺ ትምህርት ቤትም እንዲህ ይሉ ነበር?»

«አይ፣ እዚያ ዝም ብለው ነበር መብራቱን የሚያጠፉት።»

ቤት ደረስን። ቁልፉን በሩ ውስጥ ካስገባ በኋላ «ሌሎቹን ማድረስ ነበረብኝ እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ማወቄንም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

ሴሚስተሩ እንዲህ አለፈ። ምሳ ላይ «አለቀ!» ሲባል ሚጢጢ ከመነሳት ፈንታ ወደ እኔ መዞር ጀመረች፤ ሌሎቹም ይዞራሉ፤ እኔም ሥራዬ ነውና ተነስቼ ቦርሳዬን አወርዳለሁ፣ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ሾርባዋን ጨርሳ ትልስ ጀመር። እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። ኮርሱ ያልቃል፣ እኔ እሄዳለሁ። ከዚያ ማግስት አግዳሚው ላይ መጨረሻ የምትቀረው ማን ናት?

የመጨረሻው ቀን ደረሰና ዶክተሯ መጣች። ጫማዋ ቋ ቋ ሲል ከሩቅ ነው የሚሰማው። በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሯ ሄደች።

«የእኔ ልጅ እንዴት ናት?»

«የእርስዎ ናት እንዴ? እኔ የማውቀው አባቷን ብቻ ነው» አሉ ዳይሬክተሯ። «ጥሩ ልጅ ናት። እጇን ትታጠባለች። ሾርባዋን ትጨርሳለች። ስትተኛ እግሯ ይወጣባታል። ከመጣች ጀምሮ ቁመት አለመጨመሯ ግን አሳስቦኛል።»

ዶክተሯ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወደ እኔ መጣች። ጥግ ይዘን ሁሉንም ነገርኳት፣ ሪባኑን፣ አግዳሚውን፣ የአባቴን ባርኔጣ።

«ባጭሩ ምን አገለገልሽ?»

«መጨረሻ ሆንኩ።»

«ይህማ አገልግሎት አይደለም» አለች። «ተገለገልሽ እንጂ አላገለገልሽም። አብልተውሻል፣ አስተኝተውሻል፣ አባትሽ ወስዶሻል። መወሰድ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? እስከ ማታ አያለሁ፤ ለማለፍ የሚያበቃ ነገር ካላየሁ ግን ለከርሞ ትደግሚዋለሽ።»

ማስታወሻዋን አውጥታ ለማየት ተዘጋጀች። በራሷ ቃል የምታድር ሴት ናትና ሕፃናቱን ቁልቁል ማየት አልፈለገችም። ዝቅ አለች። ትንሽ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

ከእንቅልፍ በኋላ ፊት ይታጠባል፣ ፊት ሲታጠብ ሪባኑ ይረጥባል፣ ስለዚህ ዳይሬክተሯ በደረቅ ይቀይራሉ። ስልካቸውን በትከሻና በጆሯቸው መሃል ይዘው፣ አሁንም ስለ ሳሙና እየተቆጡ፣ በተርታ መጡ። ዶክተሯ በቀኝ እጇ ትጽፋለች። ዳይሬክተሯ ግራ እጇን ሲይዙት ቀና ሳትል ተወችላቸው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚል ተረት አለ። እኔ መጀመሪያውንም አልመከርኳትም። አይቼ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለቱም ጣፈጠኝ።

አመሻሹ ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ስትሄድ ዘበኛው እግሩን ዘረጋ።

«ማን መጣልሽ?»

«ምን ማለትህ ነው? ዶክተር እኮ ነኝ!»

«እዚህ ያለው ሁሉ ወይ ዶክተር ነው ወይ ፓይለት ነው» አለ ዘበኛው አግዳሚውን በአገጩ እያሳየ። «ቁጭ በይ፣ ይመጡልሻል።»

ዳይሬክተሯን አስጠራች። መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሪባኑን አዩ። «ታስሯል» ብለው ተመለሱ። ዶክተሯ ለልጇ ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ነው፣ ማታ ደውዪ አላት። ለአንዲት ጓደኛዋ ደወለች፤ አልተነሳም። ስልኩን እያየች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ… የለም፣ አላመመኝም…» ስትል ሰማናት። እናቷ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ታክሲ ፈልገው እስኪመጡ ጊዜ ይፈጃል። መጥታ በእኔና በሚጢጢ መካከል ተቀመጠች።

«እዚህ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለች ለራሷ።

«አይታወቅም» አለቻት ሚጢጢ።

አግዳሚው ተራቆተ። ሦስታችን ስንቀር ዶክተሯ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይታ አቀፈችው። አላወቀችውም፣ እኔ ግን አየሁት።

ያን ዕለት ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት የሚጢጢ እናት ቀደም ብላ ደረሰች። ዘበኛው ሪባኗን ፈታ፣ ሚጢጢ ወጣች። አባቴ ከጎማዎቹ ጀርባ ሆኖ ስትወጣ አያት፣ እንደሠለጠነበትም ኮቱን አራግፎ መጣ። የእኔም ተፈታ። አሁን አግዳሚው ላይ ዶክተሯ ብቻ ቀረች። ልቤ ቂመኛ ነው፣ ደስ አለው። ትቅመሰው አልኩ፤ መወሰድ ሥራ አይደለም አይደል ያለችው፣ እንግዲህ ሥራ ፈታ ትቀመጥ።

«ደህና ያምሹ፣ ዶክተር» አልኳት።

በሩን በሩን ታያለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ፊቴ ላይ የነበረው ነው። እግሬ ግን አልቆመም። የቆመችው ሚጢጢ ናት። መንገዱ ጠርዝ ላይ የእናቷን እጅ ለቀቀች፣ ተመለሰች፣ በእግሮቻችን መሃል አለፈች፣ አግዳሚው ላይ ወጥታ ከዶክተሯ ጎን ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል? ነይ እንጂ!» አለች እናቷ።

«ይቺ አለቀ ልትሆን ነው» አለች ሚጢጢ። «ብቻዋን ናት።»

«አንቺ እኮ ተወስደሻል፣ ለምን ተመለስሽ?» አለቻት ዶክተሯ። ድምፅዋ የክፍል ድምፅዋ አልነበረም።

«ረጅሟ ለኔ ትቀመጥልኝ ነበር።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ከአራት ዓመት ልጅ አንሼ በመገኘቴ አፈርኩ፤ ተመልሼ ከሚጢጢ ጎን ተቀመጥኩ። አባቴ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው ሰዓቱን አየ፣ ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተውና ተቀመጠ። የሚጢጢ እናትም «እግሬማ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚጮኸው» ብላ ጫማዋን አውልቃ ጎኑ አረፈች።

ዘበኛው ተቆጣ። «የተፈታ ሰው አግዳሚ ላይ አይቀመጥም!»

«እኔ መቼ ታሰርኩ?» አለው አባቴ። ዘበኛው ለዚህ ሕግ አጣለት።

ተደርድረን ጠበቅን። ዶክተሯ ማስታወሻዋን ከፈተች፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች፣ ምንም ሳትጽፍ ዘጋችው። ሚጢጢ ብስኩቷን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠቻት። በላችው።

በኋላ ታክሲ ቆመና አንዲት ከምርኩዛቸው ብዙም የማይረዝሙ አሮጊት ወረዱ።

«ምኗ ነዎት?» አለ ዘበኛው።

«እናቷ ነኝ፣ ምኗ እመስልሃለሁ?» አሉና ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ሰው በር ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ? ሹራብሽስ? በዚህ ብርድ ሹራብሽን የት ጥለሽ ነው?»

«ክፍል ውስጥ ረስቼው ነው፣ እማዬ» አለች የክፍላችን መብረቅ። እጇን ዘረጋች፣ ሪባኑ ተፈታ። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ «አልፈሻል» አለችኝ። የትኛውን ደረጃ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሁላችንም ወጣን። ማለፌን ሰምቼ በመዝለል ፈንታ እግሬ ከበሩ አልነቃነቅ አለ። ነገ ሚጢጢ እዚህ ትቀመጣለች፣ እኔ አልኖርም። ዘበኛው በሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ወጥ ቤቱ አዙሮ ትንፋሽ ሳበ።

«ቆይ!» አለች ሚጢጢ። «ገና ነው።»

«ምን ቀረ ደግሞ?»

«አንተ አለህ፣ ጋሽዬ። ወንበርህ ትንሽ ናት።»

ዘበኛው ሽቦ የታሰረባትን ወንበሩን አየ።

«አንተን ማን ይወስድሃል?» አለችው።

ወጥ ሠሪዋ ጩኸቱ ሲዘገይባት ከውስጥ «አለቀ ወይ?» ብላ ተጣራች። ዘበኛው ባዶውን አግዳሚ አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ ሚጢጢን ብዙ አየ።

«አላለቀም!» አለ ወደ ውስጥ። «እኔ አለሁ!»

ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀችና የእናቷን እጅ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም።